ጋሼ ሼንና ያጸዳሁት ድንጋይ

ጋሼ ሼን ማረፋቸውን የሰማሁት ፖላሪስ የሚባል ሰፈር፣ ዘንድሮ ከማጸዳው ቢሮ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ ነው። ልጃቸው ሜይ ኮል አደረገችኝ። ሜይ ሰው ጋ መደወል አትወድም፤ የምታደርገው ቴክስት ነው። ስለዚህ ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው ገና ሳላነሳው ገባኝ።

«ጽጌ፣ አባቴ ትናንት ጠዋት ዐረፈ» አለችኝ። «እንደተኛ ነው። አልተሠቃየም።»

ሳንድዊቼን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፣ በአማርኛ። ቃሉን አታውቀውም፤ ግን «ቴንክዩ» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች። «ቅዳሜ ቤቱን ባዶ እናደርጋለን። መጥተሽ ድንጋዩን ውሰጂ። ከአንቺ በላይ የሚገባው ሰው የለም።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁ።

እንግዲህ እውነቱን ከመጀመሪያው ልናገር። ያንን ድንጋይ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ሼን ያውቁ ነበር፤ እኔ አውቃለሁ፤ ሜይ ግን አታውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። አሁን ሰውየው የሉም፤ ልጃቸው ደግሞ በሐዘኗ መሀል ድንጋዩን ልትሸልመኝ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የትኛውን ፎቅ እንዳጸዳሁ አላስታውስም። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ሄጄ ልንገራት ወይስ አንገቴን ደፍቼ ልቀበላት?

ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ስመጣ መጀመሪያ ዌርሃውስ ዕቃ ማንሣት ገባሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጽዳት ያዝኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቅኩትም። ቆሻሻ ሳይ እጄን ይበላኛል። ጓደኞቼ ቤታቸው ሲጠሩኝ ቀድመው ሲንካቸውን ይፈትጋሉ፤ ካልፈተጉ እንግድነቴን ትቼ እኔው ተነሥቼ እንደምፈትግላቸው ያውቃሉ። «ጽጌ ገነት ብትገባ መላእክቱን ክንፋችሁን አራግፉ ትላለች» ይሉኛል። ይበሉ።

ከጋሼ ሼን ጋር የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ ባለ አንድ የሥነ ጥበብ ቤት ነው፤ ተማሪና ጡረተኛ ተቀላቅሎ ሥዕልና ሸክላ የሚማርበት የቆየ ፎቅ። ኩባንያዬ እዚያ መደበኝ። ጋሼ ሼን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሁለተኛው ፎቅ ላይ የቻይና ጽሕፈት ያስተምራሉ፣ በነጻ። ዕድሜ ልካቸውን የላቦራቶሪ መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንዲት ግራጫ የሱፍ ሰደርያ ከላያቸው የማትወርድ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል። ያለቻቸው ሜይ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ላይ አልወደድኳቸውም። አጠገባቸው ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ስገለብጥ ጠረጴዛውን በሁለት ጣታቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። እኔ «እዚህ ጋ ጥረጊው» የሚሉኝ መስሎኝ ያንኑ ቦታ እወለውላለሁ። እሳቸው እንደገና ጠቅ ጠቅ። እኔ እንደገና ውልወላ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነን ቆየን፣ በሆዴ «ምን ዓይነት ነገረኛ ሽማግሌ ነው የጣለብኝ» እያልኩ። በኋላ አንዷ ተማሪያቸው ናት እየሳቀች የነገረችኝ። እሳቸው ባደጉበት አገር ጠረጴዛ በጣት መምታት «አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ለካ እሳቸው ሲያመሰግኑኝ እኔ ስረግማቸው ነው የከረምኩት። እንዲያው አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ተግባባን። የእሳቸውም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ አካል ጉዳተኛ ስለነበር በደንብ እንደማመጥ ነበር። «ሚስተር ሼን» ማለት ለሽማግሌ አልሆን ሲለኝ አንድ ቀን «ጋሼ ሼን» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ለታላቅ ወንድም ነው የሚባለው፤ ለሚከበር ሰው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሚስተር ካልኳቸው አልሰማ ይላሉ።

ሁለት ነገር ይወዱ ነበር። አንዱ መኪናቸው ነው። ያረጀ ክሬም መኪና ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ ብቻቸውን ከከተማ ወጥተው በበቆሎ እርሻ መሀል ወዲያ ወዲህ ሲነዱ ይውላሉ። «የት ሄደው ዋሉ?» ስላቸው «በቆሎ ጋ» ይሉኛል፣ ዘመድ ጠይቀው እንደመጡ ሁሉ።

ሁለተኛው ድንጋያቸው ነው። በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ይመጣሉ። የተዘረጋ መዳፍ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ በአንድ በኩል ጎድጎድ ያለ። ጥንት ቻይናዎች ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከሙጫ ለውሰው እንደ ጣት አድርገው ያደርቁታል። መጻፍ ሲፈልጉ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ደረቁን ቀለም ያሹበታል፤ የታሸው ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ በብሩሽ እየነከሩ ይጽፋሉ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ድንጋዩ ዙሪያውን ጥቁር ነገር የጋገረበት፣ የሚያጥበው ያጣ ሳህን ነበር።

አንድ ማክሰኞ በረዶው ድንገት ወረደ። ሜይ ደውላ «መንገድ ሳይዘጋ ግባ» ስትላቸው ክፍሉን በትነው ሮጡ። ድንጋዩን ሲንኩ ዳር እንዲደርቅ እንዳስቀመጡት ረሱት። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ቀለም ከነካካቸው የፕላስቲክ ሳህኖች መሀል ቁጭ ብሏል። አላወቅኩትም ብል ውሸት ነው። አውቄዋለሁ። «የጋሼ ሼን ዕቃ ናት፤ ዛሬስ አንድ ውለታ ልዋልላቸው» ነው ያልኩት።

ሙቅ ውሃ ሞላሁ። ብሊች፣ ያው በረኪና፣ ጨመርኩ። ዘፍዝፌ ቆየሁና የድስት መፈተጊያ ሽቦዬን ይዤ ተያያዝኩት። እንዴት ያለ ግትር ቆሻሻ መሰላችሁ! ግን እኔን አታውቁኝም። ቅርፊቱ እየተላጠ ወረደ፤ ሲንኩ ጥቁር በጥቁር ሆነ፤ ከሥር ሐምራዊ የሆነ፣ የሚያምር ድንጋይ ብቅ አለ። ጎኑን፣ ጠርዙን፣ ጎድጓዳውን፣ ምንም አልቀረኝ። ሳበቃ ጠረጴዛቸው መሀል ነጭ ፔፐር ታወል አንጥፌ አስቀመጥኩት። ራቅ ብዬም አየሁት። «እሰይ ጽጌ!» አልኩ ለራሴ።

ቀትር ላይ ጋሼ ሼን ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጡ። ድንጋዩን ፍለጋ ነው በዚያ በረዶ የመጡት። በሩ ላይ ቆመው ጠረጴዛውን አዩ። ጓንታቸውን አወለቁ። ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉና ቆዩ።

«ቆንጆ አይደል?» አልኳቸው። «ሐምራዊ ነው እኮ ከሥሩ! ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።»

ጠቅ ጠቅ የሚያደርጉትን ሁለት ጣት ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን የተማሪ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«በምን አጠብሽው?»

ሽቦውን አንሥቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳጠፋሁ የገባኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ድንጋዩ የአያታቸው ነበር፤ ከአያታቸው ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ እሳቸው መጣ። የሚታሽበትን ፊቱን ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃና በመዳፍ ያጥቡታል፤ ሳሙና አያውቅም። ጠርዙ ላይና ጎድጓዳው ዳር የሚደርቀውን ቀለም ግን ማንም አይነካውም። ያ በሦስት ሰው ዕድሜ፣ ጭረት በጭረት የተከማቸ ነው። አባታቸው በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበሩ። ቤታቸው በተቃጠለ ጊዜ ወረቀቱም ፎቶውም አብሮ ጠፋ፤ የቀረው አባትየው ይዘውት የወጡት ይህ ድንጋይ ነው።

«አባቴ ቀለም ሲያሽ እጁ ወደ ቀኝ ያጋድል ነበር» አሉኝ። «ስለዚህ በቀኝ በኩል ቅርፊቱ ወፈር ይል ነበር። እዚህ ጋ።» በጣታቸው ባዶውን ጠርዝ ዳበስ አደረጉት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው አባት ነው በሽቦ ፈትጌ ሲንክ ውስጥ የደፋሁት!

በዚያው ቅጽበት ሱፐርቫይዘሬ ራንዲ ብቅ አለ። በጊዜው ገና ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ፤ ኃይለኛ ኬሚካል ታበዣለሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ዋርኒንግ ሰጥቶኛል፤ ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነው። ሥራው ከሄደ ደግሞ ያኔ የነበርኩበት አፓርታማም አይቆይልኝም። የብሊቹ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። «ሚስተር ሼን፣ ሰላም ነው? ምን ተፈጠረ?» አለ፣ ዓይኑ እኔ ላይ።

ጋሼ ሼን ድንጋዩን አዩ። እኔን አዩ።

«ሰላም ነው» አሉት። «ድንጋዬን አጥቤ እያደረቅኩ ነው። ብሊች ትንሽ በዛብኝ።»

ራንዲ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔ እንባዬ መጣ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ማክሰኞ ከክፍሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ነይ። ያወረድሽውን አንቺው ትመልሽዋለሽ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

አሰቡና «አያቴ ሠላሳ ዓመት፣ አባቴ ሠላሳ፣ እኔ አርባ። ስለዚህ አታርፍጂ» አሉኝ።

በዚህ መልኩ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በምሳ ዕረፍቴ፣ ቀለም አሺ ሆንኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ድስት እንደምፈትግ አድርጌ ስይዘው ቀለሙ ተፈናጥሮ ሰደርያቸው ላይ አረፈ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አለ ያገሬ ሰው» ብዬ እየጠረግኩላቸው ተረትኩ። ተርጉሚልኝ አሉ። ተረጎምኩ፤ በዚያው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»ንም ጨመርኩላቸው። ምን በወጣኝ! እንቁላሏን እንደ ጉድ ወደዷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪ በተቻኮለ ቁጥር ከክፍሉ ፊት ቆመው «ኤግ! ኤግ!» እያሉ ይጮኻሉ። አዲስ የመጣ ተማሪ ሰውየው ቁርስ የሚያዙ ነበር የሚመስለው።

ደረቁን ቀለም ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሳይጫኑ ክብ መዞር፣ ውሃ በጠብታ መጨመር፤ ሥራው ይኸው ነው። «ድንጋዩ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል ብለሽ አስቢ» ይሉኛል። ድንጋይ ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት እሳቸው ጋ ነው፤ ዓይን የማያየው ደቃቅ ጥርስ፣ ቀለሙን ሳይቧጭር የሚነክስ። የእኔ ሽቦ ያን ጥርስ ጎድቶት ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ይንሸራተታል። አንድም ቀን አላነሡብኝም። ያንን ቦታ ዘለል ማድረግ ብቻ አስተማሩኝ።

አንድ ተማሪያቸው ቀለም በጠርሙስ ገዝቶ መጣ። «ያው ጥቁር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ለምን እናባክናለን?» አላቸው። አልተቀየሙትም። «ጠርሙሱ ቀለም ይሰጥሃል» አሉት። «ድንጋዩ ደግሞ ምን ልትጽፍ እንደሆነ የምታስብበት ጊዜ ይሰጥሃል። እኔ በሕይወቴ የጻፍኳቸው የሚያሳፍሩ ነገሮች በሙሉ ቀለም ሳላሽ የጻፍኳቸው ናቸው። ለልጄ የላክኋቸውን ኢሜይሎች ብታያቸው!» ሌላ ጊዜ ደግሞ ብሩሹን እያጠቡ «ብሩሽ ያልቃል፤ ወረቀት ያልቃል፤ ቀለም ያልቃል። ድንጋዩ ጋ ስትደርሺ የሚያልቀው ሰውየው ነው» አሉኝና ብቻቸውን ሳቁ።

ጆሯቸውስ! አንድ ሐሙስ አዲስ አበባ ካለችው እህቴ ጋር በአባታችን ቤት ጉዳይ ተጨቃጭቄ፣ ስልኩን ዘግቼ፣ ቀለም ማሸት ጀመርኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወረቀት እየቆረጡ ነበር።

«ድንጋዩ ዛሬ ይጮኻል» አሉ ሳይዞሩ። «ማንን ነው የምታሺው?»

«እህቴን» አልኩ።

«እጠቢውና እንደገና ጀምሪ። እኔ በእህትሽ አልጽፍም።»

ሳቄ አመለጠኝ። አጥቤ ጀመርኩ፤ ስጨርስ ንዴቴ ወርዶ ነበር። ያን ዕለት ማታ ለእህቴ ራሴው ደወልኩላት።

የእኛን ፊደል ማየት ፈለጉ። ስሜን ጻፍኩላቸው፤ «ጽ»ን ለመቅዳት አንድ ሳምንት ታገሉ፣ አላማረችላቸውም። በአገራችን ደብተራዎች ብራና ላይ ይጽፉ እንደነበር፣ ቀለሙን በቀንድ ይይዙ እንደነበር፣ የተማረን ሰውም «የቀለም ቀንድ» እንደምንል አወራሁላቸው። «ቀለሙ ከምንድን ነው?» አሉኝ። አላውቅም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «የእኔን አባት ቀለም አጥፍተሻል፤ የራስሽን አባቶች ቀለም ደግሞ አታውቂውም?» እየቀለዱ ነው፤ ግን ጠዘጠዘኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንድ መሪጌታ ጠይቄ መልሱን አመጣሁላቸው፤ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ የተቆላና ያረረ እህል፣ ቅጠል፣ ተወቅጦ በውሃ ለወራት የከረመ። እየሰሙ ወደ ፊት አዘነበሉ። «ጥላሸት!» አሉ። «እናንተም ጥላሸት!» ጠረጴዛውን ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ያን ቀን ጠረጴዛውን አልወለወልኩም።

በረዶው ባለፈ በዚያው ጸደይ ጋሼ ሼን መኪና መንዳት አቆሙ። «ምነው?» ስላቸው «ደከመኝ፤ መንገዱ ፈጣን ሆነ» አሉኝ። አመንኳቸው፤ ሽማግሌ ናቸው። «እንግዲያው ራይድ እሰጥዎታለሁ» አልኩ። ስድስት ዓመት ማክሰኞና ሐሙስ ከቤታቸው አመጣኋቸው፣ መለስኳቸው። ሾርት ኖርዝ የሚባለው መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያግተን እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምነዳው» እላቸዋለሁ። «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምረግጠው» ይሉኛል።

አንድ ቀን የጥበብ ቤቱ ፓርኪንግ ባዶ ነበር። ስንደርስ አልወርድ አሉ። «አንቺ ቦታ ላይ ትንሽ ልቀመጥ?» አሉኝ። ቦታ ተቀያየርን። ሞተሩ ጠፍቷል። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያለውን ግንብ እያዩ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ከዚያ «በቃ» ብለው ወረዱ። የሽማግሌ ጨዋታ መሰለኝ፤ እንዲያውም ሳቅሁባቸው።

በእነዚህ ዓመታት ሜይን ደጋግሜ አገኛት ነበር። ፋርማሲስት ናት፤ ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ለአባቷ የምትጨነቅ። እያነጋገረችኝ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ፕሮቤሽኔ ካለቀ በኋላ ደግሞ አፍሬ። ከዚያ ውሸቱ አርጅቶ የቤት ዕቃ ሆነ፤ ማንም አያየውም። ጋሼ ሼንም አላነሡትም። ባለፈው ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ማስተማሩን ሲተዉ ቤታቸው እየሄድኩ አሽላቸው ነበር። አንድ ቀን ጣቴን ይዘው የድንጋዩ ጠርዝ ላይ አሳረፉት። ቀጭን፣ የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር። «ይሄ ያንቺ ነው» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ከደስታዬ ሥር ግን ያው ኀፍረቴ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሜይ ብቻዋን ነበረች፤ ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ድንጋዩን በሰማያዊ ጨርቁ እንደተጠቀለለ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ስድስት ዓመት በመኪናሽ አመላልሰሽዋል» አለችኝ። «መኪናው ለእሱ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ቁልፉን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ አንቺ ባትኖሪ ቤት ውስጥ ይሞት ነበር።»

«ራሳቸው አይደሉም እንዴ ያቆሙት?» አልኳት።

«አይ። ያን ክረምት ድንጋዩን በብሊችና በሽቦ አጠበው። የአያቱን ድንጋይ! እኔን ልጅ ሆኜ በሳሙና እጅ አትንኪው ይለኝ የነበረ ሰው። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ‹አጠብኩት› አለኝ። አእምሮው እየሄደ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ‹ምንም የለበትም፣ ግን ተከታተሉት› አሉኝ። እኔ አላመንኩም። ‹ይህን ካደረግክ ነገ ሀይዌይ ላይ የሰው ልጅ ብትገጭስ?› አልኩት። ፓርኪንግ ላይ ቆመን ጮኽኩበት። አንድ ቃል አልተከራከረኝም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።»

ክው አልኩ። ያ የጥበብ ቤቱ ባዶ ፓርኪንግ ትዝ አለኝ፤ እጃቸው መሪው ላይ፣ እኔ ስስቅ። ስድስት ዓመት ሙሉ ራይድ እየሰጠኋቸው ሳለ ደግነት የማደርግላቸው መስሎኝ ነበር። መኪናቸውን የነጠቅኋቸው እኔው ነበርኩ!

አልዋሻችሁም፤ ድንጋዩን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ። ደግሞም ሰበብ ነበረኝ። ብነግራት ምን ይጠቅማታል? አባቷ ሞተዋል። አባቷን ያለጥፋታቸው እንደቀጣቻቸው ማወቅ ለሐዘንተኛ ምን ይሠራላታል? እኔ ቀለል እንዲለኝ እሷ ላይ ልጫን? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ሜይ ዕድሜዋን ሙሉ አባቴ በመጨረሻው አእምሮውን ስቶ ነበር ብላ ልትኖር ነው። እኚያ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ቀን ከእኔም ከእሷም በላይ ጤነኛ ነበሩ።

«ሜይ» አልኳት፣ «ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

አየችኝ። «እንደገና በይው።»

«ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አባትሽ አይደሉም። ሲንኩ ላይ አግኝቼ፣ ቆሻሻ መስሎኝ፣ በብሊችና በሽቦ። ከሥራዬ እንዳልባረር ብለው ነው እኔ ነኝ ያሉት። ለአለቃዬ ለራንዲ እንዲህ ሲሉት ሰምቻለሁ። ለአንቺም እንዳሉሽ ግን እግዜር ምስክሬ ነው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። «አልታመመም ነበር» አለች፣ ለራሷ። «አልታመመም። እኔ ሰባት ዓመት እንደ ሕፃን ነው ያነጋገርኩት። ምድጃ አትንካ፣ ደረጃ አትውጣ፣ መድኃኒትህን ቆጥሬ እሰጥሃለሁ…» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ለምን አልነገረኝም?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከፊቴ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ልሰጥሽ አልችልም» አለች።

«አትስጪኝ» አልኳት። «ያንቺ ነው።»

«አሁን ብቻዬን ብሆን ደስ ይለኛል፣ ጽጌ።»

ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ጋሼ ሼንን ተቆጣኋቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ምን ነካዎት ጋሼ? ፕሮቤሽኔ እኮ በሦስት ወሩ አልቋል! ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ለልጅዎ ቢነግሯት ምን ነበረበት? ልጄ ታፍራለች ብለው ነው? ጽጌን ታባርርብኛለች ብለው ነው? ሰው ሁሉ ደግ ነበሩ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ግን ልጅዎን በድለዋታል፤ የእኔን እንጀራ ሲያድኑ የእሷን አባት ሸሽገውባታል። ይህን ብዬ ስጨርስ አልቅሼ አልቅሼ ወጣልኝና መኪናዋን አስነሣሁ። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እወዳቸዋለሁ፣ እናደድባቸዋለሁም።

ሳምንት አለፈ፤ ከሜይ ድምፅ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኔ ግን የጠራ ነገር አልነበረም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እበረግጋለሁ። እንዳበቃልኝ ገባኝ፤ ይገባኛልም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ደረጃ ስጠርግ ቴክስት ገባ። ፎቶ ነው። ድንጋዩ የሜይ ኪችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ በጣቶቿ አሻራ የጨቀየ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ግራጫ፣ ውሃ ውሃ የሚል ጭረት። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ለምንድን ነው የማይጠቁረው?»

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መለስኩላት፦ «ቸኩለሽ ነው።»

ወዲያው መጣ፦ «ቅዳሜ መምጣት ትችያለሽ?»

ቅዳሜ ኦቨርታይም ነበረኝ። ካንስል አደረግኩት።